የብብት ንፍፊቶችን ማውጣት ወይስ መተው፦ የጡት ካንሰር የቀዶ ሕክምና ውሳኔ ከመቻራ መንገድ ሲታይ

መቻራ በምዕራብ ሐረርጌ ዞን የዳሮ ለቡ ወረዳ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 434 ኪሎ ሜትር፣ ከዞኑ ዋና ከተማ ከጭሮ ደግሞ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች የመቻራ ሴት ሪፈር ተጽፎላት ስትነሣ በገለምሶና በበዴሳ በኩል ጭሮ ትደርሳለች። ጭሮ ላይ ከዋናው ጎዳና ስትገናኝ ሁለት አቅጣጫ ይጠብቃታል፤ ወደ ምዕራብ 326 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ፣ ወይም ወደ ምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ሐረር። በአንደኛው ጫፍ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል፣ በሌላው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ይገኛል።

ይህ የመንገድ ዝርዝር በቀዶ ሕክምና መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ አይገኝም። በመጻሕፍቱ የብብት ቀዶ ሕክምና የሚወሰነው በካንሰሩ መጠን፣ በንፍፊቶቹ ብዛትና በጡት አወጣጡ ዓይነት ነው። ያለፉት ሠላሳ ዓመታት ጥናቶች ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ያመለክታሉ፤ ከብብት የሚወጣው ይቀንስ። መመሪያው ትክክል ነው፤ የቆመባቸው ሁኔታዎች ግን ብዙውን ጊዜ በግርጌ ማስታወሻ ይቀራሉ። ቀዶ ሐኪሙ ሳያወጣ የተወውን ንፍፊት ሌላ ነገር ሊጠብቀው ይገባል፤ ጨረር፣ መድኃኒት ወይም ሳይቋረጥ የሚከበር ቀጠሮ። ከእነዚህ የትኛው ከመቻራ ለመጣችው ሴት በእርግጥ ይደርሳታል የሚለው ጥያቄ የውሳኔው አካል ነው።

ስለ ቃሉ

በአማርኛ "ዕጢ" የሚለው ቃል ካንሰሩን ራሱንም፣ ጤናማውን የሰውነት ክፍልም ይጠራል። አንዲት ታማሚ "ከብብትሽ ዕጢ እናወጣለን" ስትባል ካንሰሩ ብብቷ ላይ ደርሷል ብላ ልትረዳ ትችላለች፤ ሐኪሙ ግን ገና ለምርመራ የሚወጣውን ጤናማ አካል ማለቱ ይሆናል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ "ዕጢ" ለካንሰሩ ብቻ ሲውል፣ በብብት፣ በአንገትና በብሽሽት የሚገኙት የሊምፍ ዕጢዎች ግን ሕዝቡ በሚያውቀው ስም "ንፍፊት" ተብለዋል። በምዕራብ ሐረርጌ የአብዛኛው ሰው አፍ መፍቻ አፋን ኦሮሞ ነውና፣ የፈቃድ ፊርማ ከመወሰዱ በፊት ይኸው ልዩነት በዚያ ቋንቋም ግልጽ ሆኖ መነገር አለበት።

ንፍፊቱ የሚነግረው

ከጡት የሚወጣው ሊምፍ የተሰኘው ፈሳሽ በአብዛኛው ወደ ብብት ይፈስሳል፤ ጥቂቱ ከደረት አጥንት ጎን ወዳሉት ንፍፊቶች ይሄዳል። የብብት ንፍፊቶች ከትንሹ የደረት ጡንቻ አንጻር በሦስት ደረጃ ይከፈላሉ፤ ከጡንቻው በስተውጭ ያሉት አንደኛ፣ ከሥሩ ያሉት ሁለተኛ፣ ከጡንቻው በስተውስጥ ወደ አንገት አጥንት ያሉት ሦስተኛ ደረጃ ናቸው። ሙሉ የብብት ቀዶ ሕክምና ሲባል በተለምዶ አንደኛውንና ሁለተኛውን ደረጃ ማውጣት ነው።

ከወጡት ውስጥ ስንቱ በካንሰር እንደተያዙ መቁጠር የበሽታውን ደረጃ ይወስናል። ከ1 እስከ 3 የተያዙ ንፍፊቶች አንድ ምድብ፣ ከ4 እስከ 9 ሌላ ምድብ፣ 10ና ከዚያ በላይ ደግሞ ሦስተኛ ምድብ ናቸው። ከ0.2 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ የሕዋስ ክምችት እንደ ተያዘ ንፍፊት አይቆጠርም። ይህ ቆጠራ ለትንበያ ብቻ የሚውል አይደለም፤ ጨረር ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም፣ ኬሞቴራፒው ምን ያህል ይጠንክር የሚሉትን ጥያቄዎች ሲመልስ ኖሯል። ቆጠራው እንዲታመንም በሙሉ ቀዶ ሕክምና ቢያንስ 10 ንፍፊቶች ተገኝተው መመርመር እንዳለባቸው የተለመደ መለኪያ አለ።

መጠበቅ የሠራበት ጥናት

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አሜሪካዊው ዊልያም ሃልስቴድ ጡትን፣ የደረት ጡንቻዎችንና የብብት ንፍፊቶችን በአንድነት የሚያወጣውን ቀዶ ሕክምና ሲያስፋፋ፣ ሐሳቡ ካንሰር እንደ ውኃ ደረጃ በደረጃ ይፈስሳል የሚል ነበር። ንፍፊቱ በር ነው፤ በሩ ከተዘጋ በሽታው አያልፍም። ይህ እምነት ለሰማንያ ዓመታት ያህል ብዙም ሳይፈተን ኖረ።

የፈተነው በርናርድ ፊሸር የመራው፣ እ.ኤ.አ. በ1971 የተጀመረውና ቢ-04 በሚል ስም የሚታወቀው ጥናት ነው። በእጅ ሲዳሰስ ንፍፊታቸው ያላበጠ 1,079 ሴቶች በዕጣ ለሦስት ተከፈሉ። የመጀመሪያዎቹ የሃልስቴድን ቀዶ ሕክምና አገኙ፤ ሁለተኛዎቹ ጡታቸው ወጥቶ ብብታቸው በጨረር ታከመ፤ ሦስተኛዎቹ ጡታቸው ብቻ ወጥቶ ብብታቸው ሳይነካ ቀረ። ከ25 ዓመት ክትትል በኋላ በዕድሜ ርዝመት በሦስቱ መካከል ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። ይበልጥ የሚያስገርመው ዝርዝሩ ነው። ብብታቸው በተከፈተው ሴቶች መካከል 40 በመቶ ገደማ በጣት ያልተገኘ የተያዘ ንፍፊት ነበራቸው። ሴቶቹ በዕጣ ስለተመደቡ፣ ብብታቸው ካልተነካው 365 ሴቶችም በተመሳሳይ መጠን የተያዘ ንፍፊት ይኖራል ማለት ነው። ሆኖም በኋላ የብብት በሽታ ወጥቶባቸው ወደ ቀዶ ሕክምና የተመለሱት 68 ብቻ፣ ማለትም 18.6 በመቶ ነበሩ።

ከዚህ የተወሰደው ትምህርት ንፍፊት ከበር ይልቅ መስተዋት ነው የሚል ነው፤ በሽታው በሰውነት ውስጥ ያለበትን ሁኔታ ያሳያል እንጂ መንገዱን አይዘጋም። ትምህርቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን ሌላም ነገር እዚያው አለ። እነዚያ 68 ሴቶች ብብታቸው ሲያብጥ የሚመለሱበት ሐኪም ነበራቸው፤ ለሩብ ምዕተ ዓመትም በቀጠሮ ተጠብቀዋል። በቢ-04 መተው ማለት መርሳት አልነበረም።

ዘብ ንፍፊትና የጥናቶቹ ቅድመ ሁኔታ

በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የመጣው መፍትሔ ከዕጢው የሚነሣው ሊምፍ መጀመሪያ የሚደርስበትን ንፍፊት ለይቶ ማውጣት ነው። ይህ ንፍፊት በደጅ እንደቆመ ዘብ ስለሆነ "ዘብ ንፍፊት" ሊባል ይችላል። በጡቱ ውስጥ ሰማያዊ ቀለም ወይም ጥቂት ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ወይም ሁለቱም ይወጋሉ፤ ቀለሙ የደረሰበት ወይም መሣሪያው የጮኸበት ንፍፊት ተለይቶ ይወጣል። ዘቡ ነጻ ከሆነ የቀሩት ነጻ የመሆን ዕድላቸው ከፍተኛ ነው። 5,611 ሴቶችን ያሳተፈው ቢ-32 የተባለው ጥናት ዘብ ንፍፊታቸው ነጻ በሆነ ሴቶች ላይ ቀሪውን መተው ዕድሜ እንደማያሳጥር አሳይቷል፤ ዘቡ በሐሰት "ነጻ" ያለበት መጠን 9.8 በመቶ ቢሆንም።

ቀጣዩ ጥያቄ ዘቡ ራሱ ቢያዝስ የሚል ነበር። በአሜሪካ የተካሄደው ዜድ-0011 አንድ ወይም ሁለት የተያዘ ዘብ ንፍፊት ያላቸውን 891 ሴቶች በዕጣ ለሁለት ከፈለ፤ ግማሾቹ ሙሉ የብብት ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፣ ግማሾቹ ተተዉ። ከ10 ዓመት በኋላ ከተተዉት 86.3 በመቶ፣ ብብታቸው ከተከፈተው 83.6 በመቶ በሕይወት ነበሩ። ብብታቸው ከተከፈተው ከአራት ሴቶች ከአንዷ በላይ ተጨማሪ የተያዘ ንፍፊት የተገኘ ሲሆን፣ በሌሎቹ ዘንድ ያው በሽታ ሳይወጣ ቀርቶ ጉዳቱ አልታየም።

ይህ ውጤት የብዙ አገሮችን አሠራር ቀይሯል። ሴቶቹ እነማን እንደነበሩ ግን መታየት አለበት። በጣት የሚዳሰስ ንፍፊት አልነበራቸውም። የዕጢያቸው መካከለኛ መጠን ከ2 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ነበር። ጡታቸው አልወጣም፤ ዕጢው ብቻ ወጥቶ መላው ጡት በጨረር ታክሟል፣ ጨረሩም የብብቱን የታችኛውን ክፍል በከፊል ይነካል። ከሞላ ጎደል ሁሉም የሆርሞን መድኃኒት ወይም ኬሞቴራፒ አግኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው አማሮስ የተባለው የአውሮፓ ጥናት ነገሩን በግልጽ አስቀምጦታል፤ የተያዘ ዘብ ንፍፊት ባላቸው ሴቶች ዘንድ የብብት ቀዶ ሕክምናው የተተካው በብብት ጨረር ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ሴኖማክ ጡታቸው የወጣ ሴቶችንም ስላካተተ ለኢትዮጵያ ሐኪም የበለጠ ይቀርባል፤ በዚያም ከተተዉት 10 ሴቶች 9ኙ ገደማ ንፍፊቶቹን የሚያካትት ጨረር ወስደዋል። ስለዚህ "አነስተኛ ቀዶ ሕክምና" የሚለው ስም በከፊል አሳሳች ነው። የቀነሰው የምላጩ ሥራ ነው፤ ሕክምናው ወደ ሌላ ክፍል ተዛውሯል።

የጥቁር አንበሳ ሴቶች

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ ከ16 ሺህ በላይ ሴቶች በጡት ካንሰር እንደተያዙ ዓለም አቀፉ ግምት ያመለክታል። የእነዚህን ሴቶች ሁኔታ ከሁሉ አብራርቶ የሚያሳየው እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጨረር ሕክምና ማእከል የታዩ 1,070 ሴቶች ጥናት ነው። ማእከሉ በዚያን ጊዜ በአገሪቱ ብቸኛው የመንግሥት የካንሰር ሕክምና ተቋም ነበር። ሩቅ ስርጭት የታየባቸው፣ ማለትም አራተኛ ደረጃ የደረሱት፣ በጥናቱ አልተካተቱም። የሴቶቹ መካከለኛ ዕድሜ 43 ዓመት፣ መካከለኛ የዕጢ መጠን 4.96 ሴንቲ ሜትር ነበር። ደረጃቸው ከታወቀው ውስጥ አንደኛ ደረጃ ላይ የነበሩት 4 በመቶ፣ ሁለተኛ 25 በመቶ፣ ሦስተኛ ደግሞ 71 በመቶ ናቸው።

የዜድ-0011 ሴት በሃምሳዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ላይ ያለች፣ ዕጢዋ ገና በማሞግራፊ ወይም በጥቂት ዳሰሳ የተገኘ ናት። የጥቁር አንበሳዋ ሴት ከእርሷ ከአሥር ዓመት በላይ ታንሳለች፤ ዕጢዋም ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። የመጀመሪያዋን ጥናት ለሁለተኛዋ መጠቀም የሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ልብስ ማልበስ ነው።

በዚሁ ጥናት ውስጥ ከደረጃውም ይልቅ ለብብት ውሳኔ የሚጠቅም አንድ ቁጥር አለ። በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ ሌላ አካል ሳይሰራጭባቸው የቆዩት 74 በመቶ ተብለው ተገምተዋል። አጥኚዎቹ ቀጠሮ ያቋረጡት ሴቶች ሁሉ ከመጨረሻ ቀጠሯቸው ሦስት ወር በኋላ በሽታው ተሰራጭቶባቸዋል ብለው ሲያሰሉ ግን ቁጥሩ ወደ 59 በመቶ ወረደ። በሁለቱ መካከል ያለው 15 ነጥብ የካንሰሩ ባሕርይ አይደለም፤ የጠፋው ክትትል መጠን ነው። ቢ-04ን ያቆመው ምሰሶ ክትትል ከሆነ፣ ያ ምሰሶ እዚህ ምን ያህል እንደሳሳ ይህ ቁጥር ይናገራል። ሴቲቱ ከመቻራ ስትሆን ደግሞ አንድ ቀጠሮ ማለት የመኪና ሂሳብ፣ የማደሪያ ወጪ፣ አብሮ የሚሄድ ወንድም ወይም ባል፣ ቤት የሚቀሩ ልጆችና ጎረቤት የሚጠብቃት ከብት ማለት ነው።

ያበጠ ንፍፊት ሁሉ ካንሰር አይደለም

እስካሁን የተባለው ወደ ሰፊ ቀዶ ሕክምና የሚያደላ ይመስላል። ሚዛኑን ወደ ሌላው ወገን የሚመልስ ነገርም አለ።

በኢትዮጵያ ከሚመዘገበው የሳንባ ነቀርሳ በሽታ ሲሶው ገደማ ከሳንባ ውጭ ያለ ሲሆን፣ ከዚህም ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው የንፍፊት ቲቢ ነው። የኤች አይ ቪ ቫይረስ፣ በእጅ ላይ የተመረቀዘ ቁስል፣ በሥራ የተቆረጠ ጣት፣ በጡቱ ላይ የፈነዳው ዕጢ የሚያመጣው መመርቀዝ፣ ሁሉም የብብት ንፍፊት ያሳብጣሉ። ቀዶ ሐኪም በጣቱ "ተይዟል" ያለው ንፍፊት ቲቢ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ቲቢና ካንሰር በአንድ ብብት መገናኘታቸውም በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። ባልተያዘ ብብት ላይ ሙሉ ቀዶ ሕክምና የተደረገላት ሴት ዕድሜዋን ሙሉ የምትከፍለው ዕዳ ያለ ምክንያት ተጭኖባታል።

ስህተቱን የሚከላከለው መሣሪያ ውድ አይደለም። በአልትራሳውንድ የንፍፊቱ ቅርፊት መወፈሩ፣ መሐሉ ላይ ያለው የስብ ክፍል መጥፋቱ፣ ቅርጹ ከሞላላ ወደ ክብ መቀየሩ ይታያል። ከዚያም በቀጭን መርፌ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። በቀጭን መርፌ ናሙና መውሰድ በኢትዮጵያ የንፍፊት ቲቢን ለመለየት ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት የኖረ ዘዴ ነው፤ የሚወስደው እጅና የሚያነበው ዓይን ባለበት ሁሉ ለጡት ካንሰርም ይውላል። የመርፌው ውጤት ካንሰር ካሳየ ዘብ ንፍፊት ፍለጋ መሄድ ቀርቶ ውሳኔው ያጥራል። ካላሳየ ግን ዕጢው ትንሽ ሆኖ ሳለ ብብቱን ሙሉ በሙሉ መክፈት ምክንያቱን ያጣል።

የክንዱ ዋጋ

የብብት ቀዶ ሕክምና ዋና ጉዳት ሊምፌዴማ፣ ማለትም የክንድ ማበጥ ነው። ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለው እ.ኤ.አ. የ2013 ትንተና እንዳሳየው ሙሉ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ከአምስት ሴቶች አንዷ ክንዷ ያብጣል፤ ዘብ ንፍፊት ብቻ በወጣላቸው መጠኑ 6 በመቶ አይሞላም። በአማሮስ ጥናት ደግሞ ከአምስት ዓመት በኋላ የክንድ ማበጥ ምልክት በቀዶ ሕክምና 23 በመቶ፣ በጨረር 11 በመቶ ነበር። በዚያው ጥናት በሽታው በብብት የተመለሰው በቀዶ ሕክምና 0.43 በመቶ፣ በጨረር 1.19 በመቶ ላይ ነው።

እነዚህ መቶኛዎች በቢሮ ለምትውልና በእርሻ ለምትውል ሴት አንድ ዓይነት ትርጉም የላቸውም። በዳሮ ለቡ ሴት ጀሪካን ትሸከማለች፣ እንጨት ትፈልጣለች፣ ማሽላ ታጭዳለች፣ ቡና ትለቅማለች። ሊምፌዴማ ያለበት ክንድ ደግሞ በቀላሉ ይመረቅዛል፤ እሾህ የወጋው ጣት ወደ ትኩሳትና ወደ ተጨማሪ እብጠት ያደርሳል። ከእብጠቱ በተጨማሪ ክንዱ በውስጥ በኩል የሚደነዝዘው ብብትን የሚያቋርጠው የስሜት ነርቭ ሲቆረጥ ነው። ረጅሙ የደረት ነርቭ ከተጎዳ ደግሞ ትከሻው ከጀርባ እንደ ክንፍ ይወጣል፣ እጅ ከራስ በላይ አይነሣም። ልብስ የሚሰጣ፣ ከጣሪያ ላይ ዕቃ የሚያወርድ እጅ ነው የቀረው።

ለዚህ የሚደረገው ጥንቃቄ በቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ ላይ ይጀምራል። በንፍፊት ያልተያዘ ሦስተኛ ደረጃን አለመንካት፣ ሁለቱን የእንቅስቃሴ ነርቮች ለይቶ ማየት፣ ሊቆጠብ ከቻለ የስሜቱን ነርቭ መቆጠብ። ከዚያም ሴቲቱ ከሆስፒታል ከመውጣቷ በፊት የትከሻ እንቅስቃሴ መማር አለባት፤ የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ ጭሮ ድረስ እንደማይከተላት ይታወቃልና።

ጨረር፦ ቀናቱ ሲቆጠሩ

ጡት ከወጣ በኋላ የሚሰጠው ጨረር ለማን እንደሚጠቅም የ8,135 ሴቶችን መረጃ ያሰባሰበው እ.ኤ.አ. የ2014 ዓለም አቀፍ ትንተና አሳይቷል። 4ና ከዚያ በላይ የተያዙ ንፍፊቶች ላላቸው ብቻ ሳይሆን ከ1 እስከ 3 ላላቸውም የበሽታውን መመለስና ሞትን ይቀንሳል። ንፍፊታቸው ነጻ ለሆነ ግን ጥቅም አልታየም። እንግዲህ ንፍፊቱ ተቆጥሮ ካልተጻፈ ለጨረር የተላከችው ሴት ያለ ምክንያት ልትታከም፣ ያልተላከችው ደግሞ ልትጎዳ ትችላለች።

በልማዳዊው አሰጣጥ ጨረሩ 25 ጊዜ፣ በሳምንት አምስት ቀን ለአምስት ሳምንት ነው። በቻይና የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ፣ 820 ሴቶችን ያካተተ ጥናት ጡታቸው የወጣና ቢያንስ 4 ንፍፊታቸው የተያዘ ሴቶች በ15 ጊዜ፣ በሦስት ሳምንት ተመጣጣኝ ውጤት እንዳገኙ አረጋግጧል። በአዲስ አበባ ዘመድ ቤት ለምታድር የመቻራ ሴት የሁለት ሳምንት ቅናሽ ትልቅ ነገር ነው፤ ለተራው ርዝመትም እንዲሁ፣ አንድ መሣሪያ በቀን የሚያስተናግደው ሰው ውሱን ስለሆነ። በመንግሥት ዕቅድ የጨረር ሕክምና ከጥቁር አንበሳ ውጭ በጅማ፣ በሐረማያ፣ በጎንደር፣ በመቀሌና በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲዎች ሆስፒታሎች እንዲስፋፋ ተወስኗል። ለምዕራብ ሐረርጌ የሐረሩ ማእከል ትርጉም ግልጽ ነው። ዘብ ንፍፊቷ የተያዘ ሴት ብብቷ ሳይከፈት በጨረር ትታከም ለማለት የሚያስችለው፣ መሣሪያው በሥራ ላይ መሆኑና ተራው በሳምንታት እንጂ በወራት አለመቆጠሩ ነው።

ኬሞቴራፒ ሲቀድም

ከመቶ ሰባ አንዱ ሦስተኛ ደረጃ ላይ በሚመጡበት አገር ብዙዎቹ ከቀዶ ሕክምና በፊት ኬሞቴራፒ ያስፈልጋቸዋል። መድኃኒቱ ዕጢውን ያሟሽሻል፣ በአንዳንዶች ላይ የብብቱን በሽታም ጨርሶ ያጠፋል። በዚህ ጊዜ ዘብ ንፍፊትን ብቻ ማውጣት ይበቃል ወይ የሚለውን ዜድ-1071 የተባለው ጥናት ፈትሿል። በሐሰት "ነጻ" የማለቱ መጠን 12.6 በመቶ ነበር፤ ሁለት ዓይነት መለያ ሲወጋና ቢያንስ ሦስት ዘብ ንፍፊቶች ሲገኙ ግን ዝቅ ይላል። በሰማያዊ ቀለም ብቻ የሚሠራ ክፍል፣ አንድ ንፍፊት አግኝቶ፣ ከኬሞቴራፒ በኋላ "ብብቱ ነጻ ነው" ሊል አይገባውም። መድኃኒት ሳይጀመር ዕጢው ቆዳ ላይ የደረሰ ወይም ንፍፊቶቹ እርስ በርስ የተጣበቁ ከነበሩ፣ ዕብጠቱ ቢጠፋም ሙሉ ቀዶ ሕክምና ተመራጭ ነው።

ሜቲሊን ብሉ የተባለው ሰማያዊ ቀለም ርካሽና በብዙ ቦታ የሚገኝ በመሆኑ ዘብ ንፍፊትን ለማስጀመር በእርግጥ ይጠቅማል። ጥንቃቄው ወደ ቆዳው ውስጥ አለመውጋት ነው፤ ቆዳን ያሞታል። ሌላው ችግር በቀዶ ሕክምናው መሐል ንፍፊቱን ፈጥኖ የሚያነብ የፓቶሎጂ ባለሙያ ከሌለ ውጤቱ ከቀናት በኋላ መድረሱ ነው። ያን ጊዜ ሴቲቱ መቻራ ገብታለች። ስለዚህ የማንበቢያው መንገድ ሳይዘጋጅ ዘብ ንፍፊት መጀመር አንዱን ቀዶ ሕክምና ለሁለት መክፈል ሊሆን ይችላል።

ጠርሙሱና ወረቀቱ

ከዚህ ሁሉ ውስጥ በጣም ርካሹና በጣም የሚዘነጋው የወጣው ሥጋ ጉዳይ ነው። በአንዳንድ ቦታ እብጠት "ቀላል ነገር ነው" ተብሎ ይወጣና ናሙናው ሳይመረመር ይጣላል፤ ወይም ለቤተሰብ በጠርሙስ ተሰጥቶ ወደ ከተማ ላብራቶሪ እንዲወስዱት ይነገራቸዋል። ጠርሙሱ 10 በመቶ ፎርማሊን ያስፈልገዋል፣ የፈሳሹም መጠን ከሥጋው ብዙ እጥፍ መሆን አለበት። ለሆርሞንና ለሌሎች ተቀባዮች ምርመራ የሚመከረው የቆይታ ጊዜ ከ6 እስከ 72 ሰዓት ነው። ሐሙስ ተቀዶ በሚቀጥለው ሳምንት መኪና ያገኘ ጠርሙስ ከዚህ ገደብ ያልፋል። ጉዳቱም ትልቅ ነው፤ በአዲስ አበባው ጥናት ምርመራ ከተደረገላቸው 65 በመቶዎቹ የኢስትሮጅን ተቀባይ ነበራቸው፣ ለእነርሱም አምስት ዓመት የሚወሰደው ታሞክሲፈን የሞትን መጠን በሲሶ ያህል ይቀንሳል። በእጅ የሚያዝ፣ ርካሽ፣ መቻራ ድረስ የሚላክ እንክብል ነው። አንድ ተጨማሪ ንፍፊት ከማውጣት ይልቅ ይህን ምርመራ ማዳን ለብዙዎቹ ሴቶች የበለጠ ዕድሜ ይሰጣል።

የብብቱ ሥጋ ከጡቱ ተለይቶ፣ በተለየ ጠርሙስ፣ "የብብት" ተብሎ ተጽፎበት መላክ አለበት። የፓቶሎጂው መልስ የተገኙትንና የተያዙትን ንፍፊቶች በሁለት ቁጥር ካልሰጠ፣ ሐኪሙ እንደገና እንዲቆጠር መጠየቅ ይገባዋል። "ንፍፊት ተይዟል" የሚል ብቻ መልስ ከ4 ተገኝተው 4 የተያዙበትንና ከ18 ተገኝተው 1 የተያዘበትን አይለይም።

ውሳኔው በተግባር

ዕጢዋ ከ2 ሴንቲ ሜትር ያነሰ፣ አልትራሳውንድ ብብቷን ነጻ ያለላት ሴት በመቻራም ትኑር በሐረር ሙሉ የብብት ቀዶ ሕክምና አያስፈልጋትም። ዘብ ንፍፊት መፈለግ ከተቻለ ይበቃታል። እንዲያውም እንደዚህ ላሉት ዘብ ንፍፊትንም መተው እንደሚቻል ሳውንድና ኢንሴማ የተባሉት የአውሮፓ ጥናቶች አሳይተዋል። እንዲህ ያለች ሴት በኢትዮጵያ ጥቂት ብትሆንም፣ ስትመጣ በሰፊው ልማድ እንዳትጎዳ መጠንቀቅ ይገባል።

በመርፌ የተረጋገጠ የተያዘ ንፍፊት ላላትና ዕጢዋ ትልቅ ለሆነ፣ የጨረር ተራዋ ላልታወቀ ሴት፣ የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ሙሉ ቀዶ ሕክምና ዛሬም ትክክለኛ ምርጫ ነው። ይህን ኋላቀርነት ማለት ጥናቶቹን በቅጡ አለማንበብ ነው፤ የተተወው ብብት በሌላ እጅ ካልተያዘ ጥናቶቹ ስለ እርሷ አይናገሩም። የጨረር ቀኗ ተቆርጦ ከታወቀ ግን፣ ጣቷን ለሥራ የምትፈልግ ሴት አንድ ወይም ሁለት በተያዘ ዘብ ንፍፊት ምክንያት ክንዷን የምታጣበት ምክንያት ይደክማል።

ከባዱ በመካከል ያለችው ናት፤ ዕጢዋ 4 ሴንቲ ሜትር፣ ብብቷ በጣት አጠራጣሪ፣ አልትራሳውንዱ ያልተደረገላት፣ ለመመለስም ገንዘብ የሌላት። ለእርሷ ቀዶ ሕክምናው ከመያዙ በፊት የሚጠፋው አንድ ቀን፣ በመርፌ ናሙናና በአልትራሳውንድ፣ ከብዙ ዓመት የክንድ እብጠት ወይም ካመለጠ በሽታ ይቀላል። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆነች የሪፈር ሰንሰለቱ በሥርዓት መጻፉም ወጪውን ይወስናል።

ከሆስፒታል ስትወጣ በእጇ የሚሰጣት ማጠቃለያ ወረቀት የዕጢውን መጠን፣ የተገኙትንና የተያዙትን ንፍፊቶች ብዛት፣ የተቀባዩን ውጤት፣ የጨረር ቀጠሮውን ቀንና ቦታ፣ ታሞክሲፈን የተጀመረበትን ቀን፣ ከዚያም በየትኛው ክንድ ደም ግፊት መለካትና መርፌ መውጋት እንደማይመከር መያዝ አለበት። በመቻራ ጤና ጣቢያ ያለው ነርስ ከስድስት ወር በኋላ ያበጠ ክንድ ወይም አዲስ ንፍፊት ይዛ ስትመጣ የሚያነበው ይህንኑ ወረቀት ነው።